ለአማሊያ የተሳልኩት ጃንጥላ

ባለፈው ቅዳሜ የሥራ ባልደረባዬ ሜሮን «በቃ ዛሬ እምቢ ማለት አይቻልም፤ ሪላክስ ታደርጊያለሽ» ብላ እየጎተተች መስቀል ፍላወር አካባቢ ወዳለ አንድ ስቲም ባዝ ወሰደችኝ። እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልወድም። ከማያውቁት ሰው ጋር ተደርድሮ ማላብ ምኑ እረፍት እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ብቻ ፎጣዬን ታጥቄ ገባሁና ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። እንፋሎቱ ሲለቀቅ ገና ሁለቴ እንደተነፈስኩ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

«ምነው? አፈነሽ እንዴ?» አለች ሜሮን።

«ምንድን ነው የጨመሩበት?»

«ዩካሊፕተስ ነዋ! ለሳይነስ ምርጥ ነው፤ ማለቴ ኦሪጅናሉ ከሆነ።»

ዩካሊፕተስ ትበለው እንጂ ባሕር ዛፍ ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ አንድ ሙሉ ክረምት ጋቢ ተከናንቤ የታጠንኩት ያው ባሕር ዛፍ። ሜሮንን «ላብ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነው» አልኳት።

ከዚያ ወጥቼ ወደ ቤቴ መሄድ ሲገባኝ እግሬ ወደ ካዛንቺስ ወሰደኝ። ሰፈራችን ፈርሷል፤ ያንን አውቃለሁ። ግን ማወቅና ቆሞ ማየት ለየቅል ነው። ሰፊ መንገድ፣ የብስክሌት መስመር፣ ገና ያልጸደቀ ዘንባባ። ከእኛ በር እስከ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ በር አሥራ ስምንት እርምጃ ነበር። ልቆጥረው ፈልጌ ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ «እኅት፣ ሰው ጠፋብሽ?» ቢለኝ «አዎ» ብዬው አለፍኩ።

የዚያን ክረምት ነገር ለመናገር ከእናቴ ድምፅ መጀመር አለብኝ። እናቴ የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ ነበረች። ስታስተምር ከጎን ያለው ክፍል ልጆችም እሷን ተከትለው ይደግሙ ነበር ይባላል። አመሻሽ ላይ በራችን ላይ ቆማ «ትዕግሥት!» ብላ ስትጠራኝ ከእኔ ሌላ ሁለት የሰፈር ትዕግሥቶችም «አቤት!» ይሉ ነበር። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ፤ የኔን ያወጣው መልአክ ግን ቤት ተሳስቶ መሆን አለበት። ችኩል፣ ነገረኛና ያልተጠየቅኩትን የምመልስ ልጅ ነበርኩ።

እናቴ አንገቷ ላይ እንቅርት ነበረባት። መጀመሪያ ሎሚ ታክል ነበር፤ በኋላ ብርቱካን አከለች። ሰው እንዳያይባት ሻርፕ ትጠመጥማለች፤ ነገር ግን መላው ሰፈር ያውቃል። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለውን ተረት እሷ ባለችበት የሚተርት አልነበረም፤ አንድ ጊዜ አንድ ዕድርተኛ ሊል ጀምሮት መሐል ላይ ሳል ያዘው። በዚያ ዓመት ግን ነገሩ ከመልክ አለፈ። ስትተኛ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። ሐኪሞቹ በቀዶ ሕክምና መውጣት አለበት ቢሏት ትምህርት እስኪዘጋ እንዲጠብቋት ለመነቻቸው። «ልጆቼን መሐል ላይ ለማን ጥዬ?» አለች። ልጆቼ የምትለው እኔን አልነበረም።

አባቴ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ስለነበር በወር አንዴ ቢመጣ ነው። ስለዚህ እናቴ ለምርመራ በሄደች ቁጥር እኔ እትዬ አስካለ ዘንድ እውላለሁ።

እትዬ አስካለ ግቢ የሚጋሩን፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ነበሩ። በወጣትነታቸው በአንድ ቲያትር ቤት የኅብረት ዘፈን ቡድን ውስጥ ዘፋኝ ነበሩ ይባላል። እኔ ሳውቃቸው ግን ድምፅ የሚባል ነገር አልነበራቸውም። የሚናገሩት በሹክሹክታ ነው። ሰው ሲፈልጉ በማንኪያ የዱቄት ወተት ጣሳ ይመታሉ፤ አንዴ ከመቱ ከሰል ሻጩ፣ ሁለቴ ከመቱ እኔ፣ ደጋግመው ከመቱ ድመቷ ሥጋ በልታለች ማለት ነው። ቤታቸው የሚገባ ሰው ሁሉ ሳይታወቀው አብሯቸው ያንሾካሽካል። ያ ግዙፉ የዕድራችን ለፋፊ እንኳ፣ በዕድር ቀን ጥሩምባ ነፍቶ ሰፈሩን የሚያናውጠው ሰውዬ፣ እዚያ ሲገባ ወገቡን ጎንበስ አድርጎ በጆሮ ነው የሚያወራው።

እኔ ይህን ሁሉ አይቼ የራሴ ድምዳሜ ላይ ደረስኩ። ሰው ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው ቅዱስ ነገር ያለበት ቦታ ነው። እትዬ አስካለ ቤት ውስጥ ደግሞ ቅዱሱን ነገር ፈልጌ አላጣሁትም። ከአልጋቸው በላይ፣ በምሥራቅ በኩል ባለው ግድግዳ፣ ወይን ጠጅ የከፋይ መጋረጃ የተጋረደበት ሥዕል ነበር። መጋረጃውን በቀን አንድ ጊዜ ይከፍቱታል፤ ጥቂት ያዩታል፤ መልሰው ይጋርዱታል። ሥዕሉ ላይ ያለችው ሴት ነጭ ልብስ ለብሳ፣ አክሊል ደፍታ፣ አንድ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ወደ ሰማይ ታያለች። ከኋላዋ ብርሃን አለ። አንዲት ቅድስት ከዚህ በላይ ምን ታድርግ?

«ማን ናት?» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«አማሊያ ትባላለች። ጀርመን ናት። ከሞተች ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗታል» አሉኝ።

ቅዱሳን የሮም፣ የግብፅና የሶርያ እንደሚሆኑ የሰንበት ትምህርት ቤት ነግሮኛል፤ ጀርመን ቢጨመርባቸው አልደነቀኝም።

ሥራዬ ቅጠል መቀንጠስ ነበር። እትዬ አስካለ ጉሮሯቸውን በየቀኑ ይታጠናሉ። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች የሚተዉላቸውን የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ እኔ ዱካ ላይ ተቀምጬ ቅጠሉን እለቅማለሁ፤ እጄ ይጣበቃል፤ ጥፍሬ ሥር አረንጓዴ ይገባል። ከዚያ ድስቱ ከሰሉ ላይ ይጣዳል። ሲፈላ አውርደው መሬት ላይ ያደርጉትና ጋቢ ተከናንበው ይደፉበታል። መጀመሪያ ጋቢው ብቻ ነው የሚታየኝ፤ ትንሽ ቆይቶ ከጋቢው ሥር ድምፅ ይወጣል። ሹክሹክታ ሳይሆን ድምፅ፣ የተሰነጠቀ ግን የሰው ድምፅ! ከታጠኑ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ጉሮሯቸው ይከፈትላቸው ነበር። ያንን ግማሽ ሰዓት ጎረቤት ለማማት ወይም ከከሰል ሻጩ ጋር ለመጨቃጨቅ ማዋል ሲችሉ የአማሊያን ታሪክ ለእኔ ለመንገር ያውሉታል። ድምፃቸው ያለቀበት ቦታ ላይ ታሪኩም ለነገ ያድራል።

እኔም ብዙ ሳልቆይ ጋቢው ሥር ገባሁ። ሙቀቱ፣ ጨለማው፣ አፍንጫ የሚሰነፍጠው ሽታ፣ የእትዬ አስካለ ጉልበት ከጉልበቴ ጋር ተነካክቶ። ከውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። በሕይወቴ እንደዚያ የተመቸኝ ቦታ አላስታውስም።

አማሊያ የጫማ ሰፊ ልጅ ነበረች። ገና በጡት እያለች እናቷ ሞተችባት። አባቷ ሶል ሲመታ በመዶሻው ምት ታዜም ነበር። በአሥራ ሁለት ዓመቷ አንድ አስተማሪ ሰምቶ ወሰዳት፤ ወለል ላይ አጋድሞ ሆዷ ላይ መጽሐፍ እየጫነ መተንፈስ አስተማራት። ስድስት ወር ሙሉ አንዲት ዘፈን እንድትዘፍን አልፈቀደላትም፤ «ኣ» ብቻ።

«አርምሞ ይዛ ነው!» አልኩ እኔ። ይህን ቃል ከአያቴ ነበር የተማርኩት።

«እ… እንደዚያ በይው» አሉ እትዬ አስካለ።

በአሥራ ሰባት ዓመቷ ኦፔራ ውስጥ ገባች።

«ኦፔራ ምንድን ነው?»

«ቲያትር ነው። ግን ንግግሩም፣ ጥሉም፣ ልቅሶውም ሁሉ በዜማ ነው። አንድም ቃል በደረቁ አይነገርም።»

«እንደ ቅዳሴ!»

ጥቂት አሰቡ። «አዎ» አሉ፤ «ልክ እንደ ቅዳሴ።»

በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሰኝ! የሚነግሩኝ ሁሉ ገድል ሆኖ ተሰማኝ። ከመዝፈኗ በፊት ቀኑን ሙሉ እህል አትቀምስም ነበር ሲሉኝ ጾም ነው። መጀመሪያ ንግሥት ሆና ወጥታ በዘፈነች ቀን ሕዝቡ ፈረሶቹን ፈትቶ ሠረገላዋን በእጁ እየጎተተ ቤቷ አደረሳት ሲሉኝ ያንንም አውቀዋለሁ፤ ጥምቀት ላይ ሕዝቡ ታቦት ሲያስገባ አይቻለሁ። አንዲት ሌላ ዘፋኝ ቀንታባት የሷ ወገኖች መጥተው አፏጩባት ሲሉኝ ደግሞ ፀጉሬ ቆመ። ቤት ውስጥ ማፏጨት ሰይጣን እንደሚጠራ የማያውቅ የለም። አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሲያፏጭ ስንት ሰይጣን እንደሚመጣ አስቤ ጋቢውን ያዝኩ።

«ታዲያ ምን አደረገች?»

«በፉጨቱ ላይ በላይ በላዩ ዘፈነችበት። ዝም አሰኘቻቸው።»

ገድል ካልሆነ ታዲያ ምንድን ነው? እትዬ አስካለ ይህን ሁሉ የሰሙት ሚስ ሄልጋ ከሚሏት ጀርመናዊት የሙዚቃ አስተማሪያቸው ነበር። ሚስ ሄልጋ የኅብረት ዘፈኑን ስታስለምድ በተሰባበረ አማርኛ ታወራላቸው ነበር። ሥዕሉንም የሰጠቻቸው እሷ ናት። ይህንንም እኔ በራሴ መንገድ ተርጉሜዋለሁ፤ ሚስ ሄልጋ ማለት መነኩሲት ናት።

አንድ ቀን ከግቢያችን በር ላይ ካለው ቧንቧ ውሃ ልቀዳ ተሰልፌ ሁለት ሴቶች ስለ እናቴ ሲያወሩ ሰማሁ። ከፊታቸው ቆሜ አላዩኝም፤ ጄሪካኑ ከእኔ ይበልጥ ነበር።

«የአስካለ ድምፅስ በምን ሄደ መሰለሽ? በዚሁ በእንቅርት አይደል! አወጣንላት ብለው ጅማቷን ነክተው።»

«ኧረ ዝም በይ! መምህርቷ ድምፅዋ ከሄደ በምን ልታስተምር ነው?»

«እኔስ የፈራሁላት ያንን አይደል።»

ውሃዬን ሳልቀዳ ተመለስኩ። እናቴ ወንበር ላይ ተቀምጣ የተማሪ ደብተር ታርማለች፤ ትምህርት ተዘግቶ እንኳን የምታርመው ነገር አታጣም። «ውሃውስ?» አለችኝ። በዚያ በድምፅዋ። እናቴ ጣሳ እየመታች ስትጠራኝ ታየኝ። ፈራሁ፤ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም ነበር።

በማግስቱ እትዬ አስካለ ከሰል ሊገዙ ሲወጡ አልጋቸው ላይ ወጥቼ የከፋዩን መጋረጃ ገለጥኩና ተሳልኩ። «ቅድስት አማሊያ ሆይ፣ የእናቴን ድምፅ ብትጠብቂልኝ ጃንጥላዬን አመጣልሻለሁ» አልኳት። ሰው ለቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ ሲሳል አይቼ ነበር። የእኔ ጃንጥላ አባቴ ከጅቡቲ ያመጣልኝ፣ ቀይ ሆኖ ዙሪያውን ቢጫ ዳክዬዎች የሚሄዱበት ነው። ከዚያ የሚበልጥ ንብረት አልነበረኝም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጃንጥላው የእሷ ሆነ። የተሳሉትን መጠቀም ኃጢአት ስለሆነ በዚያ ሐምሌ ዝናብ አልዘረጋሁትም። እናቴ «ይቺ ልጅ ምን ነካት?» ትላለች፤ እኔ በዝናብ በስብሼ በብብቴ ደረቅ ጃንጥላ ይዤ እገባለሁ።

ታሪኩ ቀጠለ። አማሊያ አንድ ሀብታም ሰው አገባች፤ ሰውዬው የሚስቴ ድምፅ ለሕዝብ አይሰማም አለ። ሰባት ዓመት ዝም አለች። ከዚያ ጥላው ሄደች፤ ወደ መድረኩም ተመለሰች። እዚህ ላይ እትዬ አስካለ ድምፃቸው ሳያልቅ ዝም አሉ። «ከዚያስ?» ስላቸው «ተመለሰች፤ በቃ» አሉ። በማግስቱም ስጠይቃቸው ያው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ እንፋሎት እያለ ታሪክ አለቀ።

ሆስፒታል ልትገባ አንድ ቀን ሲቀራት እናቴ ፀጉሬን ሠራችኝ፤ ልብሴን አጣጠፈች፤ እትዬ አስካለ ቤት የማድርበትን ፍራሽ ወሰደች። ከዚያ እኔ ፊት ለፊቷ ቆሜ ሳለሁ «ትዕግሥት!» ብላ በሙሉ ድምፅዋ ጠራችኝ።

«እዚሁ ነኝ እኮ፣ እማ።»

«አውቃለሁ» አለች። አንዴ ደግማ ጠራችኝ። እኔም «አቤት» አልኳት።

በማግስቱ ጠዋት አባቴ እናቴን ይዞ ሄደ። እኔ ደግሞ ማሰብ ጀመርኩ። ስለት የሚገባው ከሠመረ በኋላ እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ቀዶ ሕክምናው ዛሬ ነው፤ ከሠመረ በኋላ መክፈል ምን ይጠቅማል? ቀድሞ የከፈለ አይበልጥም? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእኔ ዓይነቷ ነው። እትዬ አስካለ ጓዳ ሲገቡ ጃንጥላዬን ይዤ ወጣሁ። ክርስትና የተነሣሁት ቂርቆስ ስለሆነ ከካዛንቺስ ቁልቁል ወርጄ፣ መስቀል አደባባይን አቋርጬ፣ እየጠየቅኩ ቂርቆስ ደረስኩ። ብቻዬን እንደዚያ ርቄ ስሄድ የመጀመሪያዬ ነበር።

አንድ ሸበቶ ቄስ ከደጀ ሰላሙ ጥላ ሥር ዝናብ ተጠልለው ቆመዋል። መስቀላቸውን ተሳልሜ ጠየቅኳቸው።

«አባ፣ የቅድስት አማሊያ ታቦት በየት በኩል ነው?»

«የማን?»

«የቅድስት አማሊያ። የጀርመኗ። ምናልባት ደባል ሆና ገብታ እንደሆነ ብዬ ነው።»

አባ ሳቁ ማለት አልችልም፤ ጢማቸው ግን ተነቃነቀ። «እንዲህ የምትባል ቅድስት እኔ አላውቅም፣ ልጄ። ምን ፈልገሽ ነው?»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ እንቅርቱ፣ ስለ ጣሳው፣ ስለ ጃንጥላው። ዳክዬዎቹንም አሳየኋቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ጢማቸው አልተነቃነቀም።

«ቂርቆስ ስንት ዓመቱ እንደነበር ታውቂያለሽ?» አሉኝ። «ሦስት። ወደ ፈላው ውሃ የተጣለው ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር ነው። የእናትና የልጅ ጉዳይ ይዘሽ እዚህ ደጅ ላይ ቆመሽ ጀርመን ድረስ ምን ወሰደሽ? ለሱ ንገሪው። ጃንጥላውን ግን ይዘሽ ተመለሺ፤ ያልሠመረ ስለት አልቀበልም።»

«ይሠምራል?»

«እኔም አብሬሽ እነግረዋለሁ» አሉ። ይሠምራል ግን አላሉኝም፤ ያንን ልብ ብያለሁ።

ስመለስ ዝናቡ ዶፍ ሆነ። ጃንጥላውን ሹራቤ ውስጥ ከትቼ እየሮጥኩ ካዛንቺስ ስደርስ ከሩቅ ጣሳ ሲመታ ሰማሁ። እትዬ አስካለ በባዶ እራሳቸው፣ ነጠላቸው ሰውነታቸው ላይ ተጣብቆ፣ በየመንደሩ መግቢያ እየቆሙ ያንን ጣሳ ይመታሉ። ሁለቴ። ቆም ይላሉ፤ ያዳምጣሉ። እንደገና ሁለቴ። ሌላ ሰው ቢሆን ስሜን እየጠራ ይፈልገኝ ነበር። ሲያዩኝ ጣሳው ከእጃቸው ወደቀ። ይመቱኛል ብዬ ስጠብቅ እጄን ጨብጠው ወደ ቤት ወሰዱኝ።

ደረቅ ልብስ አልብሰው፣ ድስቱን ጥደው፣ ጋቢውን ከላያችን ጣሉት። «የት ሄድሽ?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«ቅድስት አይደለችም» አሉ። «እንደኔ ዘፋኝ ናት። አክሊሉ ቆርቆሮ ነው፤ የቲያትር ዕቃ። መጋረጃውን ያደረግኩት የከሰሉ ጭስ እንዳያጠቁርብኝ ነው።»

«ታዲያ ከተመለሰች በኋላ ምን ሆነች?»

«ዘፈን መሐል ላይ ድምፅዋ ተቆረጠ። ሰዉ አፏጨ። ሙዚቀኞቹ መጫወታቸውን ቀጠሉ፤ እሷም ዘፈኑ እስኪያልቅ ከመድረኩ ሳትወርድ ዝም ብላ ቆመች። ከዚያ ወዲያ ዘፍና አታውቅም። ቤቷ ውስጥ ሴት ልጆችን ስታስተምር አርጅታ ሞተች። ሚስ ሄልጋን ያስተማረቻት የሷ ተማሪ ናት፤ ሚስ ሄልጋ ደግሞ እኔን። ከሆስፒታል ወጥቼ አንድ ቃል አልወጣ ሲለኝ ነው ሥዕሏን የሰጠችኝ።»

እኔ ስለ አማሊያ አላለቀስኩም። «የራሷ ድምፅ ከሄደ የእናቴን እንዴት ልትጠብቅ ነው?» አልኩ። ከዚያ ትዝ አለኝ። «እናቴ ግን ይህን ታውቃለች? የእርስዎ ድምፅ በዚሁ ነገር እንደሄደ?»

«ታውቃለች። መጥታ ጠይቃኛለች። አድርጊው ያልኳት እኔ ነኝ።»

ጋቢውን ገፍቼ ወጣሁ። «እርስዎን እንዲህ ያደረገዎትን?»

«ትንፋሽ እያጠራት ነበር፣ ልጄ። ሰው ድምፅ የሚኖረው ሲተነፍስ ነው።» ተመልሰው ወደ ሹክሹክታ ወርደዋል። «እኔስ የተኛሁ መሰለሽ? ካልኳት ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።»

ያን ቀን ጠላኋቸው። አሁን እንደዚህ ብዬ መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን ጠላኋቸው። ያቀረቡልኝን አልበላሁም። አባቴ ከሰዓት በኋላ መጥቶ «ወጥታለች፤ ደህና ናት» ሲል «ተናገረች?» አልኩት። «ለጊዜው አትናገሪ ብለዋታል» አለኝ። እትዬ አስካለ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ስድስት ቀን እንደዚያ አለፈ። ሆስፒታሉ ልጅ ስለማያስገባ እኔ አላየኋትም። አባቴ በየቀኑ ይሄዳል፤ በየቀኑ «ገና ነው» ይላል። እትዬ አስካለ መታጠናቸውን ተዉ። እኔም ቅጠል አልለቀምኩም። ሁለታችን በሩ ላይ ዱካ ይዘን ዝናብ እናያለን። በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ቁጭ ባልኩበት ሳላስበው ጭንቅላቴን ጭናቸው ላይ ጣልኩ፤ ጥላቻዬ ከዚያ በላይ አልቆየም። ከሳቸው ሌላ እንደኔ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። (ጃንጥላው በኋላ ቂርቆስ ገብቷል፤ አባም ከዳክዬዎቹ ጋር ተቀብለውኛል።)

በሰባተኛው ቀን ዝናቡ ቆሞ ጭቃው ላይ ፀሐይ ወጣች። የታክሲ በር ሲዘጋ ሰማን። እናቴ የአባቴን ክንድ ይዛ ቀስ እያለች መጣች። አንገቷ ላይ ሻርፕ የለም፤ ነጭ ፋሻ ብቻ። ከስታለች። ወደ ቤታችን መግባት ትታ ቀጥ ብላ እትዬ አስካለ በር ላይ መጥታ ቆመች። እኔ ከዱካው መነሣት አቃተኝ፤ አፏን ብቻ አያለሁ። ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ይሄ ፀጉር ስድስት ቀን ሙሉ ማበጠሪያ አልነካውም እንዴ?» አለች።

ቀጭን ነበር፤ ትንሽም ይሻክራል። ግን የሷ ድምፅ ነው። የእናቴ ድምፅ ነው።

እትዬ አስካለ ብድግ አሉ። እናቴን ሳሟት፤ ፋሻውን በጣታቸው ጫፍ ነካ አደረጉት። ከዚያ ወደ ደጁ ወጡና መዳፋቸውን ከላይኛው ከንፈራቸው ላይ አድርገው፣ ራሳቸውን ወደ ኋላ ጥለው እልል አሉ። ምላሳቸው ይርገበገባል፤ ደረታቸው ይነሣል ይወርዳል፤ ከአፋቸው ግን ትንፋሽ ብቻ ነው የሚወጣው። አላቆሙም። እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ፣ ድምፅ የሌለው እልልታ እልል ይላሉ።

እኔ እልልታ አላውቅም ነበር። በሠርግ ቤት ሌሎች ልጆች ሲሞክሩ እስቅባቸው ነበር። አጠገባቸው ሄጄ ቆምኩ፤ እንደሳቸው እጄን ከንፈሬ ላይ አደረግኩና አፌን ከፈትኩ። መጀመሪያ ጩኸት ነበር፤ በኋላ ምላሴ መንገዱን አገኘ። እሳቸው ሲያነሡ አነሣለሁ፤ እሳቸው ትንፋሽ ሲወስዱ እወስዳለሁ። ካዛንቺስ በሙሉ የሚሰማን መሰለኝ።

ጎረቤት በየበሩ ብቅ ብቅ አለ። እነዚያ የቧንቧው ሴቶችም ወጡ። አንደኛዋ «ኧረ ማን ነው እንዲህ እልል ያለው?» አለች ግራ ገብቷት።

እናቴ በዚያ በአዲሱ ድምፅዋ መለሰችላት።

«እትዬ አስካለ ናቸው» አለች።